ሰርቨሩ ሳይሞት ጠፋብን

የዛሬው ጽሑፍ ቴክኒካዊ ነገር ይበዛበታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኤሌክትሪካል ያልሆናችሁ ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ግን የመጀመሪያዎቹን አንቀጾች እዩልኝ፤ «ፎርማት እናድርገው» የምትለዋ ቃል ላፕቶፕ ያለውን ሁሉ አንድ ቀን ታገኘዋለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላብ ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፤ የኤሌክትሪክ ገመድና የኔትዎርክ ገመድ ብቻ ተሰክተውለት ይሠራል። ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች፣ የሌክቸር ቅጂዎች፣ ዳውንሎድ ለማድረግ የሚከብዱ ሶፍትዌሮች ሁሉ እሱ ላይ ናቸው። የሚያስፈልገውን ሰው ከዶርሙ ሆኖ በኤስኤስኤች ይገባና ይወስዳል። አንዲት ተመራቂ እህታችን ለመመረቂያ ጽሑፏ ለሳምንታት የለካችውን ዳታም እዚያው ላይ አስቀምጣ ነበር። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ይህን ያወቅሁት ግን ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 ላሻሽለው ወሰንኩ። ለምን ያኔ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ማሻሻያው በሰላም አልቆ «ሪስታርት ላድርግ?» ሲለኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ መጥፋቱ ካልቀረ ገዝተን ያስቀመጥነውን ኤስኤስዲ በዚያው ለምን አልገጥምለትም? አጠፋሁት፣ ኤስኤስዲውን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኤም.2 ማስገቢያ ሰካሁት፣ መልሼ አበራሁት። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ። ዶርም ገብቼ ከላፕቶፔ ልገባ ብሞክር ግን መልስ የለም።

ለአንድ ሲኒየር ወንድማችን ነገርኩት። «አትድከም፣ ፎርማት አድርገህ እንደ አዲስ ጫነው፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅብህም» አለኝ። እኔም ፍላሽ ላይ ኡቡንቱውን አዘጋጅቼ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። ያቺ እህት ነበረች። «ወንድሜ፣ ሰርቨሩ አልገባ አለኝ፤ ፋይሌ ግን አለ አይደል?» አለችኝ። ፍላሹን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እዚህ ላይ መያዝ ያለበት ነገር አንድ ነው። ኔትዎርክ የጠፋበት ማሽን የሞተ ማሽን አይደለም። ዲስኩ ደህና ነው፣ ፋይሉ ደህና ነው፣ ምናልባትም ሁሉም ፕሮግራም በሥርዓቱ እየሠራ ነው፤ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው። ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ቢያጣ ማንም ፎርማት አያደርገውም። ስክሪን የሌለው ሲሆን ግን የምናይበት መንገድ ያው ኔትዎርኩ ስለሆነ፣ እሱ ሲቋረጥ ሁሉ ነገር የተቋረጠ ይመስለናል።

ከሩቅ ሆኖ ማወቅ የሚቻለውን ላስቀድም። (ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ነው።) ኤስኤስኤች አልገባ ሲል የሚሰጠውን የስህተት መልእክት ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ግማሹ መልስ ያለው ግን እዚያ ነው። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ማሽኑ በርቷል፣ ኔትዎርኩም ይሠራል፣ በዚያ ፖርት ላይ የሚቀበል ፕሮግራም ብቻ ነው የሌለው። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደግሞ በሩ ድረስ ደርሳችኋል፤ ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። «ታይምድ አውት» ብዙ ጊዜ ፋየርዎል ጥያቄውን እየዋጠው ወይም መንገድ ላይ እየጠፋ መሆኑን ያመለክታል። ከማሽኑ ጋር በአንድ ኔትዎርክ ውስጥ ሆናችሁ «ኖ ራውት ቱ ሆስት» ከተባላችሁ ግን በዚያ አይፒ አድራሻ «አቤት» የሚል ማሽን አልተገኘም ማለት ነው። እኔ ያገኘሁት ይህንን የመጨረሻውን ነበር።

ይህ ሲሆን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ማሽኑ ኔትዎርኩ ላይ የለም፣ ወይ በሌላ አድራሻ አለ። ሁለተኛው ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። አድራሻውን ከዲኤችሲፒ የሚቀበል ሰርቨር ከማሻሻያ በኋላ ራሱን በሌላ መለያ ሊያስተዋውቅ ይችላል። ሲስተምዲ ኔትዎርክዲ የካርዱን ማክ አድራሻ ብቻ ከመላክ ይልቅ ሌላ መለያ ሠርቶ ስለሚልክ፣ ራውተሩ አዲስ እንግዳ የመጣ መስሎት አዲስ አይፒ ይሰጠዋል። ስለዚህ የራውተሩን ዝርዝር እዩ፤ ማግኘት ካልቻላችሁ በኤንማፕ ኔትዎርኩን አስሱት፤ በእርግጥ የራሳችሁን ኔትዎርክ፣ ፈቃድም ይዛችሁ። እዚያ ከተገኘ ኔትፕላን ውስጥ «ዲኤችሲፒ አይደንቲፋየር» የሚለውን «ማክ» ማድረግ ይበቃል። የእኛ ሰርቨር አድራሻ ግን ቋሚ ስለነበር ይህ አላዋጣኝም። ፍለጋዬም ባዶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪንና ኪቦርድ ተውሼ ላብ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት የኔትዎርክ ማስገቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ነው። በርታለች። ይህች መብራት ገመዱና ስዊቹ ደህና መሆናቸውን ትነግረናለች እንጂ ማሽኑ አድራሻ እንዳለው አትነግረንም። ብትጠፋ ኖሮ ሶፍትዌር ከመነካካቴ በፊት ገመድ እቀይር ነበር።

ከዚያ ስክሪኑን ሰክቼ ሪስታርት አደረግሁት። ሲነሳ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ ኔትዎርኩ እስኪዋቀር እየጠበቅሁ ነው ይላል፣ ከጎኑ ሰዓት ይቆጥራል፣ ገደቡ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ተስፋ ቆርጦ ቀጠለ፤ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ጠየቀኝ፤ ገባሁ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። አልሐምዱሊላህ። ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት የእህታችንን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ኡቡንቱን ሊጭን የተዘጋጀው ያው ፍላሽ ባዶ ተደርጎ ለዚህ ሥራ ዋለ። እናንተም ብትሆኑ ቅደም ተከተሉ ይኸው ይሁን፤ መጀመሪያ የማይተካውን ማውጣት፣ ከዚያ መጠገን።

ያ የሁለት ደቂቃ ጥበቃ ትልቅ ፍንጭ ነው። ማሽኑ ይመጣል የተባለ ካርድ እየጠበቀ ነው፤ ካርዱ አይመጣም። «አይፒ ሊንክ» ብዬ ስጠይቀው ሁለት ስሞች አወጣልኝ። አንዱ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት «ሎ» ነው። ሌላው «ኢኤንፒ4ኤስ0» ይላል፤ ሁኔታው «ዳውን» ነው። ኢቲሲ ስር ያለውን የኔትፕላን ፋይል ከፈትኩ። እዚያ የተጻፈው «ኢኤንፒ3ኤስ0» ነው። አራትና ሦስት። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይህች ቁጥር ናት።

ስሙ ከየት እንደመጣ ካልተረዳን ነገ ተመልሶ ስለሚመጣ ትንሽ እዚህ ላይ እንቆይ። ድሮ ሊኑክስ የኔትዎርክ ካርዶችን ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 እያለ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ይሰይማቸው ነበር። ችግሩ ሁለት ካርድ ያለው ማሽን ላይ ነው፤ ዛሬ ቀድሞ የተገኘው ነገ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። ለውስጥ ኔትዎርክ የተጻፈው የፋየርዎል ሕግ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ውጭ በሚያየው ካርድ ላይ ተፈጻሚ ሊሆን ማለት ነው። ይህን ለመፍታት ሲስተምዲ በጥር 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው 197ኛ ቅጂው ስም አሰጣጡን ቀየረው። ካርዱ በተራ ቁጥር መጠራቱ ቀረና በተቀመጠበት ቦታ ይጠራ ጀመር። «ኢኤን» ኢተርኔት መሆኑን ይናገራል፤ «ፒ3» ፒሲአይ በሚባለው የማዘርቦርድ መስመር ላይ አውቶቡስ ቁጥር 3 ማለት ነው፤ «ኤስ0» ደግሞ በዚያ አውቶቡስ ላይ ያለው ማስገቢያ። እንደ ዶርም አድራሻ ነው፤ ብሎክ 3፣ ክፍል 0።

ጥሩ አሠራር ነው፤ ብሎኮቹ በአዲስ መልክ ካልተቆጠሩ በስተቀር። የፒሲአይ አውቶቡሶች ቁጥር የሚሰጣቸው ማሽኑ ሲነሳ፣ የተገኙትን መሣሪያዎች በተራ እየቆጠረ ነው። የእኔ አዲሱ ኤስኤስዲ በኤም.2 ማስገቢያ በኩል ከኔትዎርክ ካርዱ በፊት ተቆጠረና 3ን ወሰደ። ካርዱ ቦታውን ሳይለቅ ወደ 4 ተገፋ። ማንም ግድግዳ ሳያፈርስ ብሎክ 3 ብሎክ 4 ሆነ፤ ደብዳቤው ግን አሁንም በድሮው አድራሻ ይላካል።

ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የረገምኩት ማሻሻያ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ለማረጋገጥ ኤስኤስዲውን ነቅዬ አበራሁት፤ ካርዱ ተመልሶ ኢኤንፒ3ኤስ0 ተባለ፣ ኔትዎርኩም መጣ። መልሼ ስሰካው ጠፋ። ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ ባላደርግ ኖሮ ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ በበቃኝ።

ማሻሻያ ራሱ ስም የሚቀይርበት ጊዜም ግን አለ። ከርነሉ ወይም ዩዴቭ የሚባለው ክፍል አዲስ ቅጂ ሲሆን የስም አወጣጡ ደንብ በትንሹ ሊለወጥ ይችላል። በነሐሴ 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ዴቢያን 13 የለውጥ መግለጫው ላይ ይህንኑ ጠቅሶ፣ ማሽኑን ከሩቅ ብቻ የሚያገኙ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ይመክራል። ከዚያ በፊት በ2019 የወጣው ዴቢያን 10ም ኢቲኤች0 የሚለውን የድሮ ስም በዩዴቭ ሕግ ፋይል አስረው ያቆዩ ማሽኖች ከማሻሻያው በኋላ ኔትዎርክ ሊያጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ ማየት ቀላል ነው፤ «ዲመሴጅ» በሚባለው የከርነል መዝገብ ውስጥ «ሪኔምድ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ካርዱ ከምን ወደ ምን እንደተሰየመ በአንድ መስመር ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ጥገናው ሦስቱን በአራት መተካት ብቻ ነው። እኔ ግን ስሙን ጨርሶ ማስወጣት መረጥኩ። ኔትፕላን ፋይሉ ውስጥ «ማች» በሚለው ስር የካርዱን ማክ አድራሻ ከጻፍን ካርዱ በየትኛውም ስም ቢጠራ ይገኛል፤ ማክ አድራሻው ከካርዱ ጋር የተሠራ ነውና አውቶቡስ ቢቆጠርም ባይቆጠርም አይለወጥም። ያኔ የመግቢያውን ርዕስ የፈለጋችሁትን ልትሉት ትችላላችሁ፤ እኔ «ላን» አልኩት። ካርዱ ተቃጥሎ ከተቀየረ ደግሞ ማክ አድራሻውን መቀየር እንዳለባችሁ አስታውሱ።

ፋይሉን ስትነኩ የሚያሰናክሉ ሦስት ትንንሽ ነገሮች አሉ። ያምል በሚባለው አጻጻፍ ታብ አይፈቀድም፤ ገባ የሚለው ሁሉ በስፔስ ነው። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ስም 50 ክላውድ ኢኒት የሚል ከሆነ ጽፋችሁ ያስተካከላችሁትን ክላውድ ኢኒት መልሶ ሊጽፍባችሁ ይችላል፤ የኔትዎርክ ማዋቀር ሥራውን እንዲተው ንገሩት፣ እንዴት እንደሆነ ፋይሉ አናት ላይ ራሱ ጽፎታል። ሦስተኛ፣ «ኔትፕላን አፕላይ» ከማለት «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። ትራይ አዲሱን አሠራር ይሞክርና 120 ሰከንድ ይጠብቃችኋል፤ ኢንተር ካልተጫናችሁ «ተሳስቶ ራሱን ዘግቷል» ብሎ ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ከሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለም።

«አይፒ ሊንክ» ስትሉ ከ«ሎ» ሌላ ምንም ስም ካልመጣስ? ያኔ ነገሩ የስም ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ አዲሱ ከርነል ለካርዱ ድራይቨር ወይም ፈርምዌር አላገኘም። «ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ» ካርዱን ከነድራይቨሩ ያሳያችኋል፤ የድራይቨር መስመር ከሌለው እሱ ነው። ፈጣኑ መውጫ ሪስታርት አድርጎ ግራብ ሜኑ ላይ በድሮው ከርነል መነሳት ነው፤ ማሻሻያው ብዙ ጊዜ አያጠፋውም። በዴቢያን ከሆናችሁ ከ12ኛው ቅጂ ጀምሮ ነጻ ያልሆኑ ፈርምዌሮች ለብቻቸው ወደተለየ ክፍል መዛወራቸውን እወቁ፤ የአፕት ዝርዝራችሁ ውስጥ ካልጨመራችሁት አይመጡም። «ኔትዎርክ የለኝም፣ ድራይቨሩን በምን ላውርድ?» ካላችሁ መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ ብታበሩ ሊኑክስ እንደ አንድ የኔትዎርክ ካርድ ያየዋል። «አይፒ ሊንክ» ላይ የመጣውን አዲስ ስም ኔትፕላን ውስጥ ከዲኤችሲፒ ጋር ጻፉለት፤ የሞባይል ዳታችሁ ካልቆጠቆጣችሁ አፕት ይሠራል።

ራስቤሪ ፓይ የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በጥቅምት 2023 የወጣው ቡክወርም ላይ የተመሠረተው ሲስተም ኔትዎርኩን ከዲኤችሲፒሲዲ ወደ ኔትዎርክ ማናጀር አዛውሮታል። በድሮው ፋይል ውስጥ የጻፋችሁት ቋሚ አይፒ ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም የሚያነበው የለም፤ ፓይውም ራውተሩ በሰጠው አድራሻ ይነሳል። ከላይ እንዳልኩት ፈልጉትና «ኤንኤምሲኤልአይ» በሚለው ትዕዛዝ መልሳችሁ አስሩት።

ማሽኑ ለፒንግ እየመለሰ ኤስኤስኤች ብቻ እምቢ ካለ ኔትዎርኩን ተዉት። ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ ኤስኤስኤች የሚነሳው በሲስተምዲ ሶኬት በኩል ስለሆነ፣ ፖርት የቀየራችሁ ሰዎች የአገልግሎቱን ብቻ ሳይሆን የሶኬቱንም ሁኔታ እዩ። በ2021 የወጣው ኦፕን ኤስኤስኤች 8.8 ደግሞ በሻ-1 የሚፈረመውን የድሮ አርኤስኤ ፊርማ መቀበል አቁሟል፤ አሮጌ ፑቲ ወይም አሮጌ የስልክ አፕ ያለው ሰው ትናንት ገብቶ ዛሬ የሚከለከለው በዚህ ነው። ማሻሻያው መሃል ላይ መብራት ሄዶባችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት በስክሪን ገብታችሁ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር» የሚለውን ከ«ሰረዝ ኤ» ጋር አስኪዱ፤ በግማሽ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ስክሪን ከየትም ካልተገኘስ? ዲስኩን ፈትታችሁ በዩኤስቢ ማቀፊያ ሊኑክስ ካለበት ላፕቶፕ ጋር አገናኙት። የኔትፕላን ፋይሉን እዚያው ማረም ትችላላችሁ። ቫር ሎግ ስር ጆርናል የሚል ፎልደር ካለ ደግሞ ማሽኑ ባለፈው ሲነሳ ምን እንደገጠመው በ«ጆርናልሲቲኤል» ቁጭ ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ምንም ባይሳካ እንኳ ፋይላችሁ እጃችሁ ላይ ነው።

የሰርቨሩ ነገር በዚህ አለቀ። እህታችን ዳታዋን በፍላሽም በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ወስዳለች፤ እኔንም እስከዛሬ ስታየኝ «ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ልታሻሽል ነው?» ትለኛለች። ማሽኑ ጎን ላይ የካርዱ ማክ አድራሻ፣ ቋሚ አይፒውና የድሮ ከርነሉ ቁጥር በእስክሪብቶ የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈናል። የኡቡንቱ ማሻሻያ በኤስኤስኤች ሲጀመር በፖርት 1022 ላይ መጠባበቂያ በር እንደሚከፍት ሲነግረኝ በየጊዜው ሳላነብ «የስ» እል ነበር፤ ያ በር ማሻሻያው መሃል ላይ ግንኙነት ቢቋረጥ የሚያገለግል እንጂ ከሪስታርት በኋላ የማይኖር መሆኑንም አሁን አውቄያለሁ። የሚቀጥለው ማሻሻያ ከፈተና በኋላ ነው፤ ኢንሻአላህ፣ ስክሪኑ ተሰክቶ።